የቶርስተን ባልደራስ

ጋጣችን በር ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከፈረስ ኋላ አትቁም፣ አትሩጥ፣ አትጩኽ፣ በእጅህ አታብላ፣ ያለ ሄልሜት አትውጣ፣ ውሻህን ውጪ እሰር፣ እያለ እስከ ታች ይወርዳል። ሌላው ልጅ የማባዛት ሰንጠረዥ ሲሸመድድ እኔ የሸመደድኩት ይሄንን ነው። የማባዛቱን ከሰባት በላይ እንዳትጠይቁኝ። ሰሌዳውን ግን ከላይ ወደ ታችም፣ ከታች ወደ ላይም እወርድላችኋለሁ።

ይሄን የምነግራችሁ ጎበዝ ነኝ ለማለት አይደለም። ኤልቪራን በምን እንዳንገበገብኳት እንድታውቁ ነው። እሺ፣ የተንገበገብኩትስ እኔ ነኝ።

የግልቢያ ትምህርት ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የጥዱ ደን ጫፍ ላይ ነው። ባለቤቷ ጉን-ብሪት ትባላለች። ጉልበቷን ስለሚያማት ታነክሳለች፤ ድምፅዋ ግን አያነክስም። የአውራጃው ገዢ ቢመጣም «አንተ፣ እግርህን ከዚያ አንሳ» ነው የምትለው። እዚያ እያንዳንዱ ፈረስ የራሱ ልጅ አለችው። ትቦርሸዋለች፣ ሰኮናውን ትጠርጋለች፣ ፋንድያውን ትዝቃለች፣ ሲያመው አጠገቡ ትቆማለች። ደሞዝ የለውም። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በፈረሱ በር ላይ ስሟ ይለጠፋል። እኛ እርስ በርሳችን «ባልደራስ» እንባባላለን። በር ላይ ስም ያላት ልጅ አረማመዷ ራሱ ሌላ ነው፤ ጋሪ ሙሉ ፋንድያ እየገፋችም ቢሆን ሙሽራ ነው የምትመስለው።

ቶርስተን ዳማ ነው። ድንክ ፈረስ ይባላል እንጂ ሆዱስ የድንክ አይደለም። እኔ ዐሥራ አራት ነኝ፤ እሱ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ በትዕግሥትም ይበልጠኛል። ባልደራሱ ማይከን ነበረች፤ እኔ ረዳቷ ነበርኩ። ረዳት ማለት ሥራው ሁሉ ያንቺ፣ ስሙ የሷ ማለት ነው። ማይከን በሰኔ ትምህርቷን ጨርሳ ሌላ ከተማ ሄደች። በበጋው ዕረፍት በሮቹ ሁሉ እንደገና ቀይ ተቀቡና የስም ሰሌዳዎቹ ወረዱ። ጉን-ብሪት ከመስከረሙ የጎብኝዎች ቀን በኋላ ስሞቹን አዲስ እለጥፋለሁ አለች። እኔ ግን የቶርስተንን ባዶ በር ባየሁት ቁጥር ስሜን በዓይኔ እጽፍበት ነበር። ቱቫ። አራት ማዕዘኑ ላይ ልክ ይሆናል፤ አጭር ስም ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ኤልቪራ መጣች።

እናቷ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ከጎተንበርግ ነው የመጡት። ሹሩባዋ እስከ ወገቧ ይደርሳል፣ የግልቢያ ጫማዋ እውነተኛ ቆዳ ነው፣ ስትስቅ ጥርሷም ጫማዋም ያበራል። የኔ ጫማ ጎማ ነው፤ እሱም የወንድሜ ነበር። ይሄን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ሌላ ነው። በመጀመሪያው ቀን የቶርስተን በር ላይ ቆማ ስታየው አንገቱን አወጣ፣ አሸተታት፣ ከዚያ ያንን ከባድ ጭንቅላቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

የእኔ ትከሻ ላይ እንዲያ እስኪያደርግ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶበታል። አንድ ክረምት፣ ጣቴ በብርድ እየተሰነጠቀ።

ጓደኛዬ ቲልዳ አጠገቤ ቆማ ነበር። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አይዞሽ፣ ወንዶች ሁሉ እንዲህ ናቸው» አለችኝ። ልስቅ ሞከርኩ። ማታ እራት ላይ እናቴ ምን ሆነሽ ብላ ጠየቀችኝ፤ ፈረስ ከዳኝ አልላት ነገር።

እንግዲህ በምን ልጣላት? ልጅቷ ሰላምተኛ ናት። ሰላምተኛ ሰው መጥላት ደግሞ አድካሚ ነው፣ ሞክሩት። ያን ጊዜ ነው ሰሌዳው ትዝ ያለኝ።

በማግስቱ ቀለበት አድርጋ መጣች። ቀለበት ክልክል ነው አልኳት፤ አፍሳሩ ከያዘው ጣትሽን ይዞት ነው የሚሄደው። አወለቀችው። አንገቷ ላይ የጠመጠመችውን ሻርፕ አስወለቅኳት። ማስቲካዋን አስተፋኋት። የሄልሜቷን ማሰሪያ ሁለት ጣት ሲገባበት አይቼ፣ ሰሌዳው አንድ ጣት ነው የሚለው አልኳት። ሰሌዳው ስለ ጣት ምንም አይልም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። ከፈረሱ እግር አጠገብ ተንበርክካ ሳገኛት ደግሞ አለቀልሽ ብዬ ደረስኩባት። ተንበርካኪ ቶሎ አይነሳም፤ ቁጢጥ ነው የሚባለው። ገመዱን እጇ ላይ ስትጠመጥም ያየሁ ቀንማ በሰው ሁሉ ፊት ነው የተናገርኩት። ፈረሱ ቢደነብር ያንን እጅ ለእናትሽ በፖስታ ነው የሚልኩላት አልኩ። ልጆቹ ሳቁ።

እሷ ግን በየጊዜው አንድ ቃል ነበር የምትመልሰው። አመሰግናለሁ፣ አላወቅኩም ነበር። ብትቆጣ እንዴት ደስ ባለኝ። ብትሰድበኝ እንዴት በተመቸኝ። አመሰግናለሁ ትልና ሁለተኛ አትሳሳትም።

መስከረም ሲጋመስ ማግኘት የምችለው ጥፋት አለቀ። ኤልቪራ ጋጣ ውስጥ ስትንቀሳቀስ ሰሌዳው ራሱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ነበር የምትመስለው። አንድ ቀን ጉን-ብሪት በመተላለፊያው ስታልፍ ቆመች፣ ኤልቪራ ሰኮና ስትጠርግ ለረጅም ጊዜ አየቻትና፣ አዲስ ልጅ በዚህ ፍጥነት እንዲህ ተጠንቅቃ ስትሠራ አይቼ አላውቅም አለች። ቲልዳ ወደኔ በአገጯ እያመለከተች፣ «ኧረ አስተማሪዋንም አመስግኛት» አለች። ሁሉም ሳቀ። ኤልቪራ ግን የምሯን ዞራ፣ አዎ፣ ቱቫ ናት ያስተማረችኝ አለች።

በገዛ እጄ። በገዛ እጄ ሞርጄ፣ አሹዬ፣ ለተቀናቃኜ ሰጠኋት።

ለጎብኝዎች ቀን ሁለት ቀን ሲቀረው ጉን-ብሪት ኮርቻ ቤት ጠራችኝ። ቅዳሜ ቶርስተንን ኤልቪራ ትይዘዋለች፣ አንቺ ዋናው በር ላይ ቆመሽ ለሚገባው ሰው ደንቡን ትነግሪያለሽ አለችኝ። እኔስ፣ ቶርስተን እኔን ነው የሚያውቀው አልኳት። ድምፅ ያለሽ አንቺ ነሽ አለችኝ። ይሄ ምስጋና ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከዚያ ልወጣ ስል፣ ስለ እሱ የምታውቂውን ሁሉ ንገሪያት፣ ሁሉንም፣ አለችኝ።

ነገርኳት። ፌስታል እንደሚፈራ፣ ትራክተር እንደማይፈራ፣ የኋላ ቀኝ እግሩን ቀድሞ እንደሚሰጥ፣ ኮርቻው ሲጠብቅ ሆዱን ነፍቶ እንደሚያጭበረብር። ድርቆሽ አስቀርተሽ ብትሄጂ በሩን በጥርሱ እንደሚከፍት። ጥሩ አድርጌ ነው የነገርኳት። አንድ ነገር ብቻ አስቀረሁ።

ቶርስተን በግራ ዓይኑ አያይም። ውርንጭላ ሳለ ቅርንጫፍ ወግቶት ነው ይባላል። ዓይኑን ከውጭ ብታዩት ምንም የለውም፣ ያበራል። ግን ግራው ጨለማ ነው። በዚያ በኩል ሳያውቅ የተጠጋውን ሰው ምን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ይደነብራል፣ ይራገጣል። ስለዚህ ወደ እሱ የሚኬደው ከቀኝ ነው፤ ነባሮቹ ሁላችንም እናውቃለን። ሰሌዳው ግን ወደ ፈረስ ከግራ በኩል ቅረብ ነው የሚለው። ለፈረስ ሁሉ እውነት ነው፣ ለቶርስተን ብቻ ውሸት። ኤልቪራ እስከዚያ ቀን ያላወቀችው ጋጣ ውስጥ ግራ ጎኑን ከግድግዳ አስጠግቼ አስሬ የምሰጣት እኔ ስለሆንኩ ነው። እጅ ሰውነቱ ላይ ካረፈ በኋላ ደግሞ በየትም ዙሩት፣ ግድ የለውም።

ማንም እንዲጎዳ አልፈለግኩም። ትንሽ እንዲደነብርባት ነበር የፈለግኩት። በሰው መሃል፣ ጉን-ብሪት እያየች። ያ ሰላምተኛ ፊቷ አንዴ እንኳ እንዲደነግጥ። ከዚያ እኔ መጥቼ አፍሳሩን እይዛለሁ፣ እሱ ይረጋጋል፣ ሰውም እንዲህ ነው እንጂ ይላል። ሌሊቱን እያሰብኩት ጣፈጠኝ።

ቅዳሜ ፀሐይ ሆነ። ሰዉ ከተማው ባዶ እስኪሆን መጣ። ቋሊማ ይጠበሳል፣ የቀረፋ ዳቦ ይሸጣል፣ ጉን-ብሪት ግቢው መሃል ድምፅ ማጉያ ይዛ ታስተናብራለች። እኔ ዋናው በር ላይ ነኝ። አንዲት አሮጊት ኪሷን በስኳር ሞልታ መጣች፤ ለፈረስ አይሰጥም ብላት ለአንቺ ነው ብላ አንዱን አፌ ውስጥ ከተተችው። አንድ ሰውዬ ግዙፍ ውሻ እየጎተተ መጣ። ውሻ አይገባም አልኩት። ይሄ ውሻ ሳይሆን ቤተሰብ ነው አለኝ። እንግዲያውስ ቤተሰብህን እዚያ ግንዱ ላይ እሰረው አልኩት። ፊኛ የያዘውን ፊኛውን ተቀበልኩት፤ አናቴ ላይ የፊኛ መንጋ ተሰብስቦ ልበር ደረስኩ።

ዓይኔ ግን ግቢው ውስጥ ነበር። ኤልቪራ ቶርስተንን አውጥታ ለብቻዋ አጥሩ ላይ አሰረችው። ቋጠሮው ልክ ነው፣ እኔ ያስተማርኳት። ጋማውን ጎንጉናዋለች፣ ጭራውን አበጥራዋለች። ሲያምር። ሰው ቆሞ ፎቶ ያነሳዋል፣ እሷንም ያነሳታል። እኔን ፊኛ አስይዘው በር ላይ አቁመውኛል።

ከዚያ ሄልሜት ልታመጣ ወደ ኮርቻ ቤት ገባች። ስትወጣ ብቻዋን አልነበረችም። አምስት ዓመት የሚሆናት ትንሽ ልጅ በእጇ ይዛለች። ልጅቷ የተሰጣት ሄልሜት አፍንጫዋ ላይ ወርዶባት በእሱ ሥር ነው የምታየው። ሁለቱም ወደ ቶርስተን ይሄዳሉ። ኤልቪራ ጎንበስ ብላ እየነገረቻት ነው፤ ምን እንደምትላት ሳልሰማ አውቃለሁ፤ ወደ ፈረስ ሁልጊዜ ከግራ ነው የምንቀርበው። ልጅቷ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። በግራ። ቀድሞ ቢሰማቸው ምንም አልነበረም፤ ግን ልክ በዚያን ጊዜ ጉን-ብሪት በማጉያው የጠፋ የመኪና ቁልፍ ባለቤት ትጠራለች፣ ቶርስተንም ጆሮውን ወደዚያ አቁሟል።

በእቅዴ ውስጥ ትንሽ ልጅ አልነበረችም።

ፊኛዎቹን ለቀቅኳቸው። ልሮጥ አልኩ፤ አይሮጥም። በፈረስ አጠገብ ብትሮጡ የሚደነብረው ራሱ ፈረሱ ነው። ልጮህ አልኩ፤ አይጮኽም። ያ ሁሉ ሰው ላይ ስጮህበት የኖርኩት ሰሌዳ አሁን እኔኑ ያዘኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚሄድ ሰው፣ ሰውን በክርኔ እየገፋሁ ሄድኩ። አፌ ግን ሥራውን ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ፋንድያ ስዝቅ እንደማወራው፣ በዚያው ድምፅ፣ ቶርስተን፣ አንተ ሽማግሌ፣ አንተ ሆዳም፣ እኔ ነኝ፣ መጣሁ፣ አልኩት። ጆሮው ወደኔ ዞረ። በቀኙ ደርሼ አፍሳሩን ያዝኩና ፊቱን ወደ ግራ፣ ወደ እነሱ መለስኩት። በጤነኛው ዓይኑ አያቸው። የልጅቷ እጅ ሆዱን ሊነካ አንድ ክንድ ቀርቶት ነበር።

ደነገጠ፤ ግን ወደነሱ ሳይሆን ወደኔ ነው የሸሸው። የፊት እግሩን አንስቶ የኔ እግር ላይ አሳረፈው።

በዚያ ቀን ያደረግኩትን ጫማ ልንገራችሁ? ሸራ ጫማ። ነጭ። ለሰው ልታይ ብዬ ነው፤ ሰሌዳው ከታች ሁለተኛው መስመር ላይ ጠንካራ ጫማ ይላል። አልጮህኩም። ዓይኔ ውስጥ ብዙ ነገር አየሁ እንጂ አልጮህኩም። ትንሿ ልጅ ከሄልሜቱ ሥር አንጋጣ አየችኝና፣ «ፈረሱ አንቺ ላይ ቆሟል» አለችኝ።

ኤልቪራ በትከሻዋ ገፍታ አነሳችው። ለምን እንዲህ አዞርሽው አለችኝ። «በግራ ዓይኑ አያይም» አልኳት። ቀስ ብላ ዓይኑን አየች፣ ከዚያ እጇን በፊቱ አሳለፈች፣ ከዚያ የልጅቷን ሄልሜት አየች፣ ከዚያ እኔን። ያ ሰላምተኛ ፊቷ ያኔ ደነገጠ። የተመኘሁት ይሄንን ነበር። ምንም አልጣመኝም።

ጉን-ብሪት ሻይ ቡና የምንልበት ክፍል ውስጥ አስቀመጠችኝ። ጫማዬን አወለቀችና ከማቀዝቀዣ የወጣ የአተር ከረጢት አውራ ጣቴ ላይ ጣለችበት። ጥፍሬ እንደ ጥቁር ወይን ሆኗል። ኤልቪራ በሩ ላይ ቆማለች። ጉን-ብሪት እግሬን ትታ ወደሷ ዞረች፤ ስለ ዓይኑ ቱቫ አልነገረችሽም ነበር ወይ አለቻት።

ቲልዳ ብትሆን ዋሽታ ታድነኝ ነበር። እኔ ብሆን ደግሞ አጋልጣት ነበር፣ በደስታ። ኤልቪራ ሁለቱንም አላደረገችም።

«ነግራኛለች» አለች፤ «አሁን።»

ጉን-ብሪት «አሁን» ብላ ቃሉን ደገመችው። ኤልቪራን ወደ ፈረሱ መለሰቻትና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር። በተራ ድምፅዋ፣ የምትናገረውን እየመረጠች ነው የተናገረችው። ከሁላችሁም ፈረስ የምታውቂ አንቺ ነሽ አለችኝ። ዛሬ የሄድሽበትን አረማመድም አይቻለሁ አለችኝ። ከዚያ፣ «ግን እኔ በር ላይ ስም የምለጥፈው ለፈረሱ ብዬ ነው፤ ለባልደራሷ ብዬ አይደለም። ልጆቹ የሚያውቁትን ለራሳቸው ከደበቁ እኔ ማታ እንዴት ብዬ ነው የምተኛው?» አለች።

ስለዚህ ኤልቪራ ናት አልኳት። አዎ አለችኝ። እኔስ አልኩ። ልትመጪ ትችያለሽ፣ አላባረርኩሽም፣ ግን በዚህ ዓመት ስምሽ የትም በር ላይ አይኖርም አለችኝ። አተሩን አገላበጠችውና ሄደች።

እሑድ አልሄድኩም። ሁለተኛ አልሄድም ብዬ ጫማዬን አልጋ ሥር ወረወርኩት። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስወጣ እግሬ ራሱ፣ እያነከሰ፣ ወደዚያው ወሰደኝ። እንደ ጉን-ብሪት እያነከስኩ።

ስሙ ተለጥፏል። ኤልቪራ። ረጅም ስም ነው፤ ፊደሎቹ ጠርዝ ላይ ተጣብበዋል። ቆሜ አየሁት፣ ቅናቱ እንደ ጥፍሬ ትር ትር አለብኝ። ውስጥ ኤልቪራ ቶርስተንን ትቦርሻለች። አየችኝ፤ ሰላም አላለችም። ይሄ ከእሷ አዲስ ነው፣ እና እውነት ለመናገር ቀለል አለኝ። ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ልጅቷን ቢረግጣት ኖሮ ጥፋተኛ የምባለው እኔ ነበርኩ» አለች።

አውቃለሁ አልኳት።

«ሌላ የደበቅሽኝ አለ?»

የለም ልላት አፌን ከፈትኩ። አደጋ የሚባል ነገር እውነትም አልቀረም። ግን በሆዱ በኩል ስትቦርሸው ቶርስተን ጆሮውን ወደኋላ ሲያጥፍ አየሁ። ጠንካራውን ብሩሽ ነው የያዘችው። ልተወው ብዬ ነበር። ብሩሹን የያዘውን ሰው የቱንም ያህል ብትጠሉት እንኳ፣ የራሳችሁ ፈረስ በማይወደው ብሩሽ ሲቦረሽ ማየት አይቻልም። ለሆዱ ለስላሳውን አልኳት። ቀየረችው። ጆሮው ተመለሰ።

ከዚያ አንዱ ሌላውን ጎተተው። ውሃው በጣም ሲቀዘቅዝ እንደማይጠጣ ነገርኳት። መርፌ የሚወጋው ሐኪም ሲመጣ ከሽታው እንደሚያውቀው ነገርኳት። ዝናብ ሊመጣ ሲል በሩን እንደሚመታ፣ ማይከን ራሷ የማታውቀውን ነገርኳት። እያንዳንዱን ስናገር ከኪሴ እየወጣ እሷ ኪስ ውስጥ ሲገባ ይታወቀኝ ነበር። ደስ አላለኝም። ደግ ስለሆንኩም አይደለም። እኔ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ካልሆንኩ አጠገቡ ያለችው ቢያንስ ማወቅ አለባት።

በመጨረሻ አንድ ቀረ። ይሄ ከደንብ ጋር የሚያገናኘው የለም፤ ሰሌዳ ላይ አይጻፍም። ጋማው ሥር፣ ኮርቻው ከሚያርፍበት ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ ቦታ አለች። እዚያ በጥፍር ሲያኩት ዓለሙን ይረሳል። እኔ ነኝ ያገኘኋት፤ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ኤልቪራ ጨርሻለሁ መሰለኝ ብላ ብሩሾቹን ትሰበስባለች።

ከፍ አድርገሽ፣ እዚያ፣ በጥፍርሽ፣ አልኳት።

አከከችው። ትንሽ ወደ ግራ አልኳት። አገኘቻት። ቶርስተን አንገቱን ወደፊት ዘረጋ፣ የታችኛው ከንፈሩ እንደ ባዶ ቦርሳ ተንጠለጠለ፣ ጤነኛው ዓይኑ ተከደነ። ኤልቪራ ሳቀች፤ እኔን ረስታ፣ ለእሱ ብቻ።

እኔ ጋሪውን ወደ በሩ አስጠጋሁና ፋንድያውን መዛቅ ጀመርኩ።